ምክር የማይሞላው ክፍተት፦ ሴት መሐንዲሶች፣ የሙያ ትስስርና የሥራ ክፍፍል

የሴት መሐንዲሶች የሙያ እድገት በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚቀርበው መፍትሔ ስልጠና ነው። በራስ መተማመንን የሚያዳብር፣ ንግግርን የሚያሻሽል፣ ከሰው ጋር መተዋወቅን የሚያስተምር ስልጠና። ስልጠናው ጉዳት የለውም፤ ግን እድገት የሚወሰንበትን ቦታ አይነካም። አንድ መሐንዲስ ወደ ላይ የሚወጣው ወይም ባለበት የሚቀረው «ይህ ፕሮጀክት ለማን ይሰጥ?» ተብሎ በሚመከርበት ስብሰባ ላይ ነው፤ በዚያ ስብሰባ ላይ ደግሞ ባለጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ስለ ሙያ ትስስር ስናወራ ዋናው ጥያቄ አንዲት መሐንዲስ ስንት ሰው ታውቃለች የሚለው አይደለም። እሷ በሌለችበት፣ ሥራዋን ጠቅሶ ስሟን የሚያነሳ ማን አለ? ይህን ጥያቄ የማይመልስ የትውውቅ መርሐ ግብር ጊዜ ይበላል እንጂ ወንበር አያስገኝም።

በታሪክም በሩ የተከፈተው በምክር አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የብሪታንያ ፋብሪካዎች ብዙ ሴቶችን በምህንድስና ሥራ አሰማርተው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በ1919 የወጣው ሕግ የቅድመ ጦርነቱ አሠራር እንዲመለስ በማዘዙ ሴቶቹ ከያዙት ሥራ እንዲነሱ ተደረገ። በዚያው ዓመት ጁን 23 ቀን ሬቸል ፓርሰንስና እናቷ ካትሪን ፓርሰንስ ያሉበት የሰባት ሴቶች ቡድን የሴቶች ምህንድስና ማኅበርን መሠረተ። ዛሬ ዓለም አቀፉ የሴቶች በምህንድስና ቀን በየዓመቱ በዚሁ ዕለት ይከበራል። በአሜሪካ ተመሳሳዩ ማኅበር በ1950 ሲቋቋም ቢያትሪስ ሂክስ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ማኅበራቱ የተወለዱት ሥራን ለማስጠበቅ ነው። ዛሬ አንዳንድ ቅርንጫፎቻቸው የሻይ ፕሮግራም አዘጋጅ ብቻ ሆነው ሲቀሩ ማየት የሚያሳዝነውም ለዚህ ነው።

ከዚያ ዘመን ሰዎች የኢዲት ክላርክ መንገድ ዛሬም ብዙ ያስተምራል። ክላርክ በ1919 ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በኤሌክትሪክ ምህንድስና የማስተርስ ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያዋ ሴት ቢሆኑም በመሐንዲስነት የሚቀጥራቸው አላገኙም። ጀነራል ኤሌክትሪክ የቀጠራቸው የስሌት ሠራተኞችን እንዲመሩ ነበር። እሳቸው ግን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመሮችን ስሌት የሚያቀል መሣሪያ ነድፈው የፈጠራ መብት አስመዘገቡበት። በ1922 ያው ኩባንያ በመሐንዲስነት ቀጠራቸው። በ1926 በአሜሪካ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋም ጉባኤ ላይ ቴክኒካዊ ጽሑፍ ያቀረቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1948 ደግሞ ተቋሙ ሴትን በከፍተኛ አባልነት ሲመርጥ የመጀመሪያዋ እሳቸው ነበሩ። ስማቸው የተጠራው ከሥራቸው ጋር ነው። መሣሪያውን የተጠቀመ ወይም ጽሑፉን የሰማ መሐንዲስ ሁሉ፣ ክላርክን በአካል ባያውቃቸውም፣ ስለ ብቃታቸው መመስከር ይችል ነበር።

የቅርብና የሩቅ ሰው

ትውውቅ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዱ የሚሠራውን ሌላው አይሠራም። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ማርክ ግራኖቬተር በ1973 ባሳተመው ታዋቂ ጥናት በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ባለሙያዎችን፣ መረጃውን ያደረሳቸውን ሰው ምን ያህል ያገኙት እንደነበር ጠየቀ። አዘውትረው የሚያገኙት ሰው ነው ያሉት 16.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። 55.6 በመቶዎቹ አልፎ አልፎ፣ 27.8 በመቶዎቹ ደግሞ ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ አጠገባችን ያለው ሰው የሚያውቀውን እኛም እናውቃለን፤ አዲስ ወሬ የሚመጣው ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ዘርፍ ካለው ሰው ነው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣና 20 ሚሊዮን የሊንክድኢን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ሙከራም ሐሳቡን በጥቅሉ አጽንቶ አንድ ማስተካከያ ጨምሮበታል። ለሥራ ለውጥ ከሁሉ የሚጠቅመው ፈጽሞ የማይተዋወቁት ሰው ሳይሆን በመጠኑ የሚተዋወቁት፣ አሥር ያህል የጋራ ወዳጅ ያለው ሰው ነው።

የግራኖቬተር ጥናት ግን የተሠራው በወንዶች ላይ ብቻ ነው፤ ይህን ሳይናገሩ ግኝቱን ለሴቶች እንዳለ መምከር ጎደሎ ነው። ያንግ፣ ቻውላና ኡዚ በ2019 ባሳተሙት ጥናት በአንድ ታዋቂ የቢዝነስ ትምህርት ቤት የተመረቁ ከ700 በላይ ተማሪዎችን የኢሜይል ልውውጥ መረመሩ። ከብዙ ሰው ጋር በሰፊው የተገናኙ ተማሪዎች፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ የተሻለ ሥራ አግኝተዋል። ሴቶቹ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፦ በጣም የሚቀርቧቸው ጥቂት ሴቶች። ሰፊው ትውውቅ ክፍት ቦታ የት እንዳለ ይነግራል። የቅርቦቹ ሴቶች የሚነግሩት ደግሞ በየትም የማይጻፈውን ነው፤ የትኛው አለቃ ሴት ሠራተኛን ሳይት ይልካል፣ የትኛው ቢሮ ያስቀራል፣ ለዚህ የሥራ መደብ እውነተኛው ደመወዝ ስንት ነው። ጥናቱ በመሐንዲሶች ላይ የተሠራ ባይሆንም፣ የሴቶች ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ሙያ ይህ መረጃ ይበልጥ ውድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

በራሱ በምህንድስና የተሠራም አለ። ዴኔሂና ዳስጉፕታ በ2017 ባሳተሙት ጥናት 150 የአንደኛ ዓመት ሴት የምህንድስና ተማሪዎችን በሦስት መደቡ፦ ከፍ ያለች ሴት ተማሪ የምትመክራቸው፣ ከፍ ያለ ወንድ ተማሪ የሚመክራቸው፣ መካሪ ያልተመደበላቸው። በዓመቱ መጨረሻ ሴት መካሪ ከነበራቸው አንዷም ትምህርቱን አልለቀቀችም። ወንድ መካሪ ከነበራቸው 18 በመቶ፣ መካሪ ካልነበራቸው 11 በመቶ ለቀዋል። ልዩነቱ በውጤት አልነበረም፤ «ቦታዬ እዚህ ነው» በሚለው ስሜት እንጂ። እንግዲህ መካሪ ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። መካሪ በሙያው ያቆያል። የማሳደጉ ነገር ግን ሌላ ሰው ይፈልጋል።

ያ ሌላ ሰው ደጋፊ ነው። መካሪ ለመሐንዲሷ ይነግራታል፤ ደጋፊ ስለ መሐንዲሷ ለሌሎች ይናገራል፣ ሲናገርም የራሱን ስም ያስይዛል። የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያው ሮናልድ በርት በአንድ ትልቅ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ሥራ አስኪያጆች ላይ ያደረገው ጥናት ቀድመው ያደጉት ሴቶች በተሰሚ ኃላፊ ትስስር ተጠግተው የወጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ግኝቱ ደስ አያሰኝም፤ የራሷ ትስስር ለወንድ ባልደረባዋ የሚሰጠውን ያህል አይሰጣትም ማለት ነውና። ቢሆንም ጊዜና ጉልበት ወዴት ማዋል እንደሚያዋጣ ይጠቁማል። ደጋፊ የሚሆነው ሰው በጀት ወይም የሰው ኃይል የሚመድብ፣ ከቅርብ አለቃዋ ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ፣ ሥራዋንም ራሱ ያየ ሰው ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ደግ መካሪ ሊሆን ይችላል፣ ደጋፊ ግን አይሆንም። አንድ ብቻ መያዝም አደጋ አለው፤ ያ ሰው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ የተገነባው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ሁለት፣ ያውም ከተለያየ ክፍል ቢሆኑ ይመረጣል።

የሚጠቀስ ሥራ

ደጋፊ በልመና አይገኝም። «ስፖንሰር ይሁኑኝ» ብሎ መጠየቅ ሁለቱንም ያሳፍራል። የሚቻለው የሚጠቀስ ነገር ማስጨበጥ ነው። «ጎበዝ ናት፣ ታታሪ ናት» የሚል ምስክርነት ስብሰባ ላይ ክብደት የለውም፤ ሁሉም ሰው ስለ ወዳጁ የሚለው ነውና። «የጣቢያውን ፓምፕ ችግር የፈታችው እሷ ናት» የሚለው ግን ይሰማል።

ለዚህ የሚረዳው የሥራ መዝገብ ነው። በወር አንድ ገጽ፣ 20 ደቂቃ ይበቃል። አራት ነገር ብቻ ይጻፍበታል፦ ችግሩ ምን ነበር፣ እኔ ምን ወሰንኩ፣ ከመወሰኔ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ስንት ነው፣ ማን አይቶ አጸደቀው። ለምሳሌ፦ «ፓምፑ በሙሉ ፍሰት ሲሠራ ይጮህና ይንቀጠቀጥ ነበር። በመምጠጫው በኩል ያለው ግፊት ማነሱን አስልቼ ቱቦው ከ150 ወደ 200 ሚሊሜትር እንዲያድግ ሐሳብ አቀረብኩ። የውሃው ፍጥነት ከ2.4 ወደ 1.35 ሜትር በሰከንድ ወረደ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። ስሌቱን ያጸደቀው የክፍሉ ዋና መሐንዲስ ነው።» እዚህ ላይ «እኛ» ከሚለው ይልቅ «እኔ» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። የቡድኑን ሥራ የራስ ማድረግ ነውር ነው፤ የራስን ውሳኔ በ«ሠርተናል» መሸፈን ግን የሚጎዳው ራስን ነው። የሙያ ፈቃድ የሚሰጡ አካላትም በብዙ አገር የሚጠይቁት ይህንኑ ነው፦ አመልካቿ በኃላፊነት የወሰነችውን ሥራ፣ ፈቃድ ያላቸው መሐንዲሶች ከሚሰጡት ምስክርነት ጋር። ከአራት ዓመት በኋላ ትዝታን ለቅሞ ማመልከቻ መጻፍ ከባድ ነው። ያን ጊዜ ምስክሩም አገር ለቆ ወይም ጡረታ ወጥቶ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ባለቀ በወሩ ውስጥ አጽዳቂውን መሐንዲስ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ መጠየቅ ይገባል። ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ለምታስብም ይህ መዝገብ ትልቅ ስንቅ ነው። የ1989ኙ የዋሽንግተን ስምምነት በፈራሚ አካላት መካከል የምህንድስና ዲግሪን እንጂ የሥራ ፈቃድን አያስተላልፍም፤ ልምዷን እንደገና ማስረዳት ይጠበቅባታል።

መዝገቡ አንድ ሌላ ነገርም ያጋልጣል። ሦስት ወር ተጽፎ «እኔ ምን ወሰንኩ» የሚለው ቦታ ባዶ ከሆነ ችግሩ ከመሐንዲሷ ሳይሆን ከተሰጣት ሥራ ነው። ባብኮክና ባልደረቦቿ በ2017 ባሳተሙት የቤተ ሙከራ ጥናት፣ አንድ ሰው ሊሠራው የሚገባ ግን ለሠሪው ከሌሎቹ ያነሰ ጥቅም የሚያስገኝ ተግባር ለቡድን ሲቀርብ፣ ወንድና ሴት በተቀላቀሉበት ቡድን ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በ48 በመቶ ብልጫ በፈቃዳቸው ወስደውታል። ተግባሩን እንዲወስድ አንዱን የቡድኑን አባል የሚጠይቅ ሰው ሲመደብ ሴቶች 44 በመቶ ብልጫ ባለው መጠን ተጠይቀዋል፤ ጠያቂው ወንድም ይሁን ሴት ለውጥ አልነበረውም። ከተጠየቁት ሴቶች 76 በመቶ እሺ ሲሉ ከወንዶቹ እሺ ያሉት 51 በመቶ ነበሩ። ሴቶች ብቻቸውን ወይም ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው። ነገሩ የተፈጥሮ ደግነት ሳይሆን «እሷ ታደርገዋለች» የሚል የጋራ ግምት መሆኑን ያሳያል። በምህንድስና መሥሪያ ቤት ይህ ተግባር ይታወቃል፦ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ የሪፖርት ቅርጽ ማስተካከል፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ የድሮዊንግ ቁጥር መከታተል። በተማሪነት ዘመንም አለ። በአራት የአሜሪካ ተቋማት ከ40 በላይ ተማሪዎች የጻፉትን የዕለት ማስታወሻ የመረመሩት ሴሮን፣ ሲልቢ፣ ሴክና ሩቢኖ በቡድን ሥራና በተግባር ልምምድ ወቅት ሴቶቹ ወደ ጽሕፈትና ማስተባበር ሲገፉ ወንዶቹ ዋናውን ችግር ሲይዙ እንደነበር በ2016 ጽፈዋል።

«እምቢ በይ» የሚለው ምክር ግን አደገኛ ነው፤ እምቢ ያለች ሴት «አስቸጋሪ» ትባላለችና። የሚሻለው ተራ እንዲወጣ መጠየቅ ነው፦ «የዛሬውን ቃለ ጉባኤ እኔ እይዛለሁ፤ ከሚቀጥለው ጀምሮ በስም ዝርዝር ቅደም ተከተል ብናደርገውስ?» ወይም ምርጫውን ለአለቃው መመለስ፦ «የሪፖርቱን ማስተካከል ከወሰድኩ የመሠረቱ ስሌት ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ ይተላለፋል። የትኛው ይቅደም?» ዋጋው በግልጽ ሲታየው አብዛኛው አለቃ ስሌቱን ይመርጣል። የማይመርጥ ከሆነም ማወቁ ይጠቅማል፤ ከዚያ ክፍል ለመዛወር ማሰብ ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ ነው።

ከመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ውጭ

ኮንፈረንስ ላይ የሚባክነው ብዙ ነው። 50 የአድራሻ ካርድ ሰብስቦ መመለስ ትውውቅ አይደለም። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ ፕሮግራሙን አይቶ አምስት ሰው መምረጥ፣ የእያንዳንዳቸውን አንድ ጽሑፍ ማንበብ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ቴክኒካዊ ጥያቄ ማዘጋጀት። ከአምስቱ ሁለት ማግኘት ከተቻለ ጥሩ ነው። ከሁለት ቀን ሳያልፍ የሚላከው መልእክት አጭር መሆን አለበት፦ «ስለ መምጠጫ ጉድጓዶች ያቀረቡትን ጥናት ተከታትያለሁ። የውሃ ማንሻ ጣቢያ ዲዛይን ላይ የምሠራ መሐንዲስ ነኝ። በእኛ ጣቢያ ዝቅተኛው የውሃ ከፍታ ከቱቦው አፍ በላይ 0.6 ሜትር ብቻ ነው፤ ያሳዩት የመግቢያ ቅርጽ በዚህ ጥልቀት አዙሪት አይፈጥርም ወይ? የማነበው ጽሑፍ ቢጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።» ሰው እንዲህ ላለ ጥያቄ ይመልሳል። «ስለ ሙያ ሕይወቴ ቢያማክሩኝ» የሚል መልእክት ግን አብዛኛውን ጊዜ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል፤ ተቀባዩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ምን እንደሚመልስ ስለማያውቅ ነው።

ከኮንፈረንስ ይልቅ ግን የደረጃዎች ኮሚቴ፣ ማለትም የምርትና የአሠራር ቴክኒካዊ መስፈርቶችን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ፣ ያዋጣል፤ ይህ ምክር በሚገባው መጠን አይነገርም። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም ሆነ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽኑ ረቂቅ ደረጃዎችን በየአገሩ የደረጃዎች አካል በኩል ለአስተያየት ያቀርባሉ። አንዲት መሐንዲስ በአገሯ ያለውን ተጓዳኝ የቴክኒክ ኮሚቴ ፈልጋ ልትገባ ትችላለች። አስተያየት የሚጻፈው በተወሰነ ሰንጠረዥ ነው፦ የአንቀጹ ቁጥር፣ የአስተያየቱ ዓይነት (ጠቅላላ፣ ቴክኒካዊ ወይም የአርትዖት)፣ ችግሩ፣ በምትኩ የቀረበው ቃል በቃል ማስተካከያ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ የሆነ አስተያየት ብዙ ጊዜ ይጣላል። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት ከተለያየ ኩባንያ የመጡ የዘርፉ ነባር መሐንዲሶች ናቸው፤ የሚተዋወቁትም በሚጽፉት ነው። ፈገግታ፣ የመጠጥ ግብዣ፣ የማታ ስብሰባ አይጠይቅም። የኮሚቴው ጸሐፊ መሆንን ግን ጠንቀቅ ማለት ይገባል፤ ያው ቃለ ጉባኤ በሌላ ስም ሊሆን ይችላልና። የአንድ አንቀጽ አርቃቂነትን መያዝ ይበልጣል።

ለቅርቡ ክበብ ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሴቶች፣ ከሦስት በላይ መሥሪያ ቤቶች፣ በወር አንድ ጊዜ 90 ደቂቃ ይበቃል። እያንዳንዷ አንድ ጉዳይ ይዛ ትመጣለች፤ 15 ደቂቃ ይሰጣታል፤ መጨረሻ ላይ እስከሚቀጥለው ወር የምታደርገውን አንድ ነገር ትናገራለች። እንዲህ ያለው ክበብ የሚፈርሰው በሁለት ምክንያት ነው። ወይ የምሬት ብቻ መድረክ ይሆናል፣ ወይ ሁሉም ከአንድ ቢሮ ስለሚሆኑ ደመወዝና አለቃ በነጻነት አይወራም። ደመወዝ የማይነገርበት ክበብ ዋና ጥቅሙን አጥቷል።

የአሠሪው ድርሻ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሸክሙን በሴቷ ላይ የሚጭን ይመስላል። በእርግጥም አብዛኛው ሥራ የአሠሪው ነው። የሚጀመረውም በቀላል ሰንጠረዥ ነው፦ ባለፈው ዓመት ዲዛይን የመሩ፣ ሳይት ላይ የኃላፊነት ቦታ የያዙ፣ ለደንበኛ ያቀረቡ፣ ኮንፈረንስ የተላኩ መሐንዲሶች ስም በአንድ በኩል፤ ቃለ ጉባኤ የያዙ፣ ዝግጅት ያስተባበሩ፣ አዲስ ሠራተኛ ያለማመዱ በሌላ በኩል። ሰንጠረዡ ሲሞላ ክርክሩ ያጥራል። የአፈጻጸም ግምገማም እንዲሁ ነው። «ጥሩ ሠርታለች፣ ግንኙነቷን ታሻሽል» የሚል ግምገማ ለማንም አይጠቅምም። ገምጋሚው የትኛውን ሥራ፣ በምን መለኪያ፣ ለሚቀጥለው ደረጃ ምን እንደቀራት እንዲጽፍ ማስገደድ የሰው ኃይል ክፍሉ ግዴታ ነው። እሷም ግምገማው ላይ ከመፈረሟ በፊት «ወደ ቀጣዩ ደረጃ ለማለፍ በስድስት ወር ውስጥ የትኛውን ሥራ ሠርቼ ማሳየት አለብኝ?» ብላ ጠይቃ መልሱን በኢሜይል ብታረጋግጥ መልካም ነው።

ብዙ የተገነባ ነገር የሚፈርሰው ግን በወሊድ ፈቃድ ዙሪያ ነው። ከፈቃዱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ «አትጨናነቂ» በሚል ርኅራኄ ከፕሮጀክት መነሳት ይጀመራል፤ ስትመለስ ደግሞ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ሰው ይዟቸዋል። ስለዚህ ከመውጣቷ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ መስፈር አለበት፦ እያንዳንዱን ሥራ የተረከበው ማን እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚይዝ፣ በፈቃዱ ወቅት ሊደርሷት የምትፈልጋቸው መረጃዎች (የድርጅት ለውጥ፣ ክፍት የሥራ ቦታ፣ አዲስ ጨረታ)፣ ስትመለስ የምትገባበት ፕሮጀክት ስም። ሦስተኛው ላይ አለቆች ያመነታሉ፤ «ያኔ እናያለን» ይላሉ። የፕሮጀክቱን ስም ማወቅ ካልተቻለ ቢያንስ የሥራው ዓይነትና የኃላፊነቱ ደረጃ ይጻፍ፤ ለምሳሌ «የአንድ ጣቢያ የሜካኒካል ዲዛይን መሪ»። በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት ሰነዱ ተከፍቶ ከተሰጣት ሥራ ጋር ይነጻጸራል፤ ካልተዛመደ ምክንያቱን በጽሑፍ የሚያስረዳው የክፍሉ ኃላፊ ነው።